ሁለቱም ደርሰዋል

ጥቅምት 4

አንተ። አዎ፣ አንተን ነው። ደብዳቤውን አጣጥፈህ ኪስህ ልትከተው ነበር፣ አይደል? «በኋላ አነበዋለሁ» ብለህ። ተቀመጥና አሁን አንብበው። ክረምቱን ሙሉ የጻፍኩልህ ሁሉ «በኋላ» እየተባለ የት እንደገባ አንተ ታውቃለህ።

ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ሥራህስ፣ እንቅልፍህስ? ፈጣሪ የወጣህበትን በር ለመመለሻህም ክፍት ያድርግልህ። እኛ ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍ እናትህ አጠገቤ ተቀምጣ «ውሸት አትጻፍበት» እያለችኝ ነው። ስለዚህ ደህና አይደለንም።

ግራ ዐይኗ አለቀ። ዶክተሩ ሳይደባብቅ ነው የነገራት። የጠፋው አይመለስም፣ ቀኙም መሄዱ አይቀርም፣ ጠብታው ቢያዘገየው እንጂ አያቆመውም አላት። «እስከ መቼ ይቆየኛል?» አለችው። «ጠብታውን ሳታቋርጪ ከተጠቀምሽ እስከ ክረምት» አላት። ከሐኪም ቤት እስከ ቤት ድረስ ቃል አልወጣትም። እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ ዝምታ አይሆንልኝም፣ ስለ ዶክተሩ ጫማ ሳወራ ነበር፤ ተረከዙ ወደ ውጭ ተበልቷል። ቁልፉን በሩ ውስጥ ስትከት ነው የተናገረችው። «ልጄን ጥራልኝ፤ በዚህ በቀረኝ ልየው።»

ጉዳዩ ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። ከክረምት በፊት ና።

ስልክህን ከቀየርክ ወዲህ አዲሱን ቁጥር ለሰው አልሰጠህም። እኔስ እሺ፣ ምላሴን ፈርተህ ነው እንበል። እናትህ ምን አደረገችህ? ደብዳቤህ ሲመጣ የሚነበበው እዚህ ሱቅ መሆኑን ታውቃለህ፤ እሷ በርጩማዋ ላይ፣ እኔ ወስፌዬን ይዤ፣ ጫማው እስኪሰፋለት የሚጠብቀውም ሰው በካልሲው ቆሞ ይሰማል። የባንኩ ዘበኛማ ያንተን ወሬ ለመስማት ደህናውን ቦት ጫማውን ይዞ የሚመጣ ይመስለኛል።

አሁን ወደ እንግሊዝኛህ። ባለፈው ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ ልትኮራብኝ ብለህ «ቦዝ ማይ ማናጀርስ ኢዝ ጉድ» የሚል ጣል አድርገሃል። ሁለቱም አለቆቼ ጥሩ ናቸው ማለትህ ነው። ቦዝ ካልክ እኮ ሁለቱንም ባንድ እጅ ጨብጠሃቸዋል፤ ሁለት ሰው ይዘህ «ነው» አይባልም። ቦዝ «አር» ነው። ይሄን ሳላስተምርህ ነው የሄድከው?

ሰፈሩ «ዲክሽነሪ» እያለ የሚጠራኝ ለስድብ እንደሆነ አውቃለሁ። ይጥሩኝ። ያቺን መዝገበ ቃላቴን አይጥ ከፊቷ እንደበላት ታስታውሳለህ፤ ኤ የሚለው ፊደል በሙሉ የለም። ስለዚህ ኦል የሚለውን፣ ኤኒን፣ ኤመንግን ከሰው አፍ ነው የለቃቀምኩት፣ እርግጠኛ አይደለሁም። እነዚያ ለብዙ ሰው የሚባሉ ናቸው። ለሁለት የሚባሉት ግን አንዳቸውም አልተነኩም፤ ቦዝ፣ አይዘር፣ ናይዘር፣ ፔር፣ ቢትዊን። ዓለም ላይ ብዙ ሕዝብ ካለ ይኑርበት። እኔ እስከ ሁለት ድረስ አስተምርሃለሁ። እኛም ለሷ የቀረናት ሁለት ሰዎች ነን፣ አንተና እኔ።

በቶሎ ጻፍ። ስትጽፍም ቁርጥ ያለ ቀን ጻፍ።

የእናትህ ታናሽ ወንድም፣ ተረከዝ መቺው አጎትህ

ኅዳር 19

ለማከብርዎ ጋሼ፣ አጠገብዎ ለተቀመጠችው ለእማም፤

ሰላምታዬ ሱቁ ውስጥ ላላችሁት ሁሉ ይድረሳችሁ፤ ጤናችሁን ያብዛላችሁ። እኔ ደህና ነኝ። መልስ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ይቅርታ። ቤትም ቀይሬአለሁ። አዲሱ ክፍሌ ምድር ላይ ነው፣ ደረጃ የለውም። ከመስኮቱ የሚታየው የመኪና ማቆሚያ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሰዎች መስታወታቸውን ሲጠርጉ አያለሁ። ጠባብ ናት፤ አልጋዬ ላይ ሆኜ እጄን ስዘረጋ መብራቱንም ውሃውንም እደርስበታለሁ። ከኔ ጋር የሚኖረው ቀለም ቀቢ ጥሩ ሰው ነው፤ ሲያንጎራጉር ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ።

የእማን ዐይን ሰምቼ ምን ልበል። እማ፣ ጠብታውን እንዳታቋርጪ። መምጣቱን በተመለከተ አሁን ፈቃድ የሚሰጡኝ አይመስለኝም። ትንሽ ነገሮች ይስተካከሉ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። «ሁለቱም አላዩኝም» ለማለት በእንግሊዝኛ ትክክለኛው እንዴት ነው? እኔ «ቦዝ ዲድ ኖት ሲ ሚ» ብዬ ጽፌ ነበር። ቢሮ ያለችው ሴትዮ አንብባ «ታዲያ አንደኛው አይቶሃል ማለት ነው?» አለችኝ። አይ፣ አንዳቸውም አላዩኝም ስላት ወረቀቱን መልሳ እንደገና ጻፈው አለችኝ። ለሥራ ጉዳይ ስለሆነ እንዳልሳሳት ብዬ ነው። ከቻሉ ቶሎ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ

ታኅሣሥ 2

ለእህቴ ልጅ፤

በምትቆምበትም በምትቀመጥበትም የፈጣሪ ጥላ አይለይህ። እናትህ ደግሞ «ክፍሉ ብርድ አለው ወይ ብለህ ጠይቀው» ትላለች። ጠይቄአለሁ።

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩላት። ቀን ፈለገችበት። «መቼ እመጣለሁ ይላል?» አለች። «ነገሮች ይስተካከሉ ይላል» አልኳት። «ምኖቹ ነገሮች?» አለች። እኔ ምን አውቃለሁ? ነገሮችህ ስም የላቸውም እንዴ?

ጥያቄህ ግን ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም። ያቺ ሴትዮ እውነቷን ነው። እኛ «ሁለቱም አላዩኝም» ስንል ሁለቱንም ሰብስበን አቁመን ነው የምንክዳቸው። በነሱ ቋንቋ ቦዝ ብለህ ኖት ስትጨምርበት ሰሚው ይወላውላል፤ ሁለቱ ባንድነት አላዩም እንጂ አንዱ ሳያይ አይቀርም ሊል ይችላል። ለዚህ ክህደቱን ራሱን ቃሉ ውስጥ ሰፍተው አስቀምጠውታል። ናይዘር። «ናይዘር ኦፍ ዘም ሶው ሚ።» ከሁለቱ አንዳቸውም አላዩኝም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ኖት እንዳትጨምር፤ አንዴ የተሰፋ ቦታ ላይ ሁለተኛ አይወጋም። አይዘር ደግሞ ሁለት ወንበር አሳይቶ «በፈለግከው ተቀመጥ» እንደማለት ነው፤ የትኛውም ይሆናል፣ ግን አንዱ ነው። ሁለት ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው አይቼ አላውቅም፣ ከባንኩ ዘበኛ በቀር።

ይሄን ጮክ ብዬ እየጻፍኩ ነበርና ሰማኝ። «ዲክሽነሪ፣ ሶሌን ጨርስልኝ፤ እኔ ውጭ አገር አልሄድም» አለኝ። «ላንተ ማን አስተማረ? ለጫማህ ነው የነገርኩት፤ እሱ ይሻላል» አልኩት። እናትህ ሳቀች። ከሳቀች ቆይታ ነበር። ከዚያ ስቃ ስትጨርስ፣ «ማን ነው ልጄን ያላየው?» አለች። እኔ እንኳ ለመጠየቅ አላሰብኩም ነበር። የሥራ ነው አልኳት። የሥራ ነው አይደል?

አሁን ስማኝ። ጫማ አዘዘችኝ፣ ላንተ። «ልጄ በሩን አልፎ ሲገባ የሚያደርገው ይሁን» አለች። ያንተን ፎርማ፣ ያን የእግርህን የእንጨት ቅርጽ፣ ከመደርደሪያው አወረድኩት። ቆዳው ቡኒ ነው፣ ለስላሳ፣ ለራሴ ያስቀመጥኩት ነበር። ልቆርጠው ስል ያዘችኝ። «ገበሩን እኔ ነኝ የምሰፋው» አለች። አንቺ ሴት፣ መርፌው ውስጥ ክር የማስገባት ዐይን የለሽም እኮ አልኳት። «ክሩን አንተ አስገባልኝ፤ መንገዱን ጣቴ ያውቀዋል» አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ የሰፋች ሴት ናት፣ ምን ልላት ነው? ሰፋችው። ጣቷን እየወጋች፣ ወረቀት ላይ የተጎነበሰች እስክትመስል ድረስ ፊቷን ቆዳው ላይ አስጠግታ። እንደኔ የማሽን ስፌት አይደለም፣ ትንሽ ይንሻፈፋል። እግርህን ስትከት ይሰማሃል፤ የሚቆረቁርህ ቦታ ካለ የሷ እጅ ነው።

በፌስታል ጠቅልዬ በሰው እጅ ልኬዋለሁ። የብረታ ብረት ሻጩ ልጅ ወደዚያ ስለምትመጣ በሰጠኸን አድራሻ ታደርስልሃለች። ሲደርስህ ጻፍ። ሙሉ ቁመትህን የተነሳህበት ፎቶም ላክ፣ ከነጫማህ። ቆይቶ ቢመጣ ለማየት ይቸግራታል።

ተረከዝ መቺው አጎትህ

የካቲት 5

ለማከብርዎ ጋሼና ለእማ፤

ዘንድሮ ሁሉ ነገር ለበጎ ይሁንላችሁ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ሥራ ቀይሬ ነው። አሁን መጋዘን ውስጥ አይደለሁም። ተቀምጬ ነው የምሠራው፤ ስልክ አነሳለሁ፣ ዕቃ የጠፋባቸው ሰዎች ይጮኹብኛል፣ እኔ ቁጥር እጽፋለሁ። ከበፊቱ ይሻላል። ክፍሉ ብርድ የለውም እማ።

ናይዘርን እንዳስተማሩኝ ጽፌ ሰጠኋት፤ ሴትዮዋ ተቀብላኛለች። በጣም አመሰግናለሁ።

ጫማው ደርሷል። በእንግሊዝኛ ልጻፍልዎ፤ «ቦዝ ሹስ ሃቭ አራይቭድ። ዘይ ፊት ሚ ዌል።» ሁለቱም ደርሰዋል፣ ሁለቱም ልኬ ናቸው። እማ፣ ስፌትሽ አልቆረቆረኝም። ሥራ ቦታ አድርጌው ሄጄ ሁሉም ሰው የት ገዛኸው እያለ ጠየቀኝ።

ፎቶ ልኬአለሁ። ከወገብ በላይ ነው፤ ያነሳኝ ሰው ቦታ ጠቦት ነው።

መምጣቱን አስቤበታለሁ። ከክረምት በኋላ እመጣለሁ። ከክረምት በኋላ ሁሉም ይቀላል። እማ፣ እስከዚያ አታስቢ።

ልጅዎ

የካቲት 21

ለእህቴ ልጅ፤

እንደ ወጉ ጤናህን ልጠይቅ፤ ጠየቅኩህ። ምርቃቱን ግን ዛሬ እዚያው በያዝከው ተብቃቃ።

እንግሊዝኛህን አረምኩ። እንከን የለውም። ቦዝ ብለሃል፣ ሹስ ብለህ አብዝተሃል፣ ሃቭ ብለህ አስማምተሃል። አሥር ከአሥር። እኔ ራሴ ከዚህ አሳምሬ አልጽፈውም። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ነገሩ አልተደረገም።

አንተ ስትሄድ ያልነበረ ደንብ አሁን ሱቃችን ውስጥ አለ። በሰው እጅ የምንልከው ጫማ መንገድ ላይ እየቀረ አስቸገረን። ያደርሳል ያልነው ሰው ራሱ አድርጎት ይሄዳል። ስለዚህ ግራውን ባንድ መንገደኛ፣ ቀኙን በሌላ መንገደኛ መላክ ጀመርን። አንድ እግር ጫማ የሚሰርቅ ሌባ የለማ። ግራህን ለብረታ ብረት ሻጩ ልጅ ሰጠኋት። ቀኝህን ወደዚያው ሊጓዝ ለነበረው ለሰፈራችን ሹፌር ሰጥቼው ነበር፤ ጉዞው ተሰርዞበት መልሶ አመጣልኝ። ይሄው ከወንበሬ በላይ ሚስማር ላይ በማሰሪያው ተንጠልጥሎ ያየኛል።

እና ንገረኝ፤ ሁለቱም የደረሱት ከየት ነው?

ደብዳቤህን ስናነብ ሱቁ ሞልቶ ነበር። «ሁለቱም ደርሰዋል፣ ሁለቱም ልኬ ናቸው» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ራሱ አልቆመም፣ ዐይኔ ነው የቆመው። ቀና ስል ዘበኛው ሚስማሩን ያያል። አትክልት ሻጯም ሚስማሩን ታያለች። ተረከዝ ሊያስመታ የመጣ የማላውቀው ሰውዬ ሳይቀር እነሱን አይቶ ወደ ሚስማሩ ተመለከተ።  እናትህ ብቻ ናት ያላየችው። ልክ ባዶ ግድግዳ ፊቷ እንዳለ ሆና፣ ፊቷ በርቶ፣ «አልቆረቆረውም፣ ሰማችሁ?» አለቻቸው። ዘበኛው «ሰምተናል እናቴ» አላት። ያ አፉ የማይዘጋ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ቦት ጫማውን ሳያሰፋ ወጣ።

ልጄ፣ ውሸት ሳይሰማኝ ቀርቶ አይደለም፤ ከዚህ ወንበር ላይ ሆኜ ስንቱን ሰምቻለሁ። ሰው ሁሉ ጫማው ትናንት የተበላ ነው የሚለኝ። ያሳረረኝ እኔ ባስተማርኩህ ቃል፣ በኔው ምላስ አስነብበህ እሷን ማታለልህ ነው። ፌስታሉን አልፈታኸውም። ብትፈታው ኖሮ አንድ እግር ብቻ አግኝተህ «ሌላውስ?» ብለህ ትጮህ ነበር። ያንን ገበር ሳትፈታው። ጣቷን ወግታ የሰፋችውን።

ፎቶህን ዐይኗ ላይ ለጥፋ አየችው። «ቀጥኗል» አለች። ቀጥላ «ለምን ወገቡ ላይ ቆረጡት?» አለች። ምን ብዬ ልመልስላት?

ምን ሆነሃል? ለአንተ ለብቻህ ልጻፍ ካልክም ጻፍ። ከክረምት በኋላ ግን አትበለኝ፤ ከክረምት በኋላ የምትመጣው ለማን ልትታይ ነው?

አጎትህ

መጋቢት 20

ጋሼ፤

እባክዎን ይሄንን ለእማ አያንብቡላት። ሱቅ ውስጥም አያንብቡት። ሰላምታ ሳላቀርብ ስለጀመርኩ ይቅር ይበሉኝ፤ ሰላም ነኝ ብሎ ለመጀመር አፍሬ ነው።

ፌስታሉ ቀለም ቀቢው አልጋ ሥር ነበር። ልጅቷ ስታመጣው እኔ ሐኪም ቤት ነበርኩ፤ እሱ ተቀብሎ «የአገርህ ሰዎች ጫማ ልከውልሃል» አለኝ። ተወው እዚያው አልኩት። ጫማ ማየት አልፈለግኩም። ሁለቱም ደርሰዋል ብዬ የጻፍኩት ሳላየው ነው፤ እውነትዎን ነው።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ አውጣልኝ አልኩት። ፈታሁት። አንድ። ግራው። ቀኝ የለም። ጋሼ፣ የሱቁን ደንብ እኔ አላውቅም ነበር። የጻፉልኝን አንብቤ ሳልጨርስ ነው ጫማውን የፈታሁት፤ ፖስታውን ከፍቼ «ፌስታሉን አልፈታኸውም» የሚለው ላይ ዐይኔ ስላረፈ ነው። ስለዚህ ለትንሽ ጊዜ የመሰለኝ ያወቃችሁ ነው። ማን ነገራቸው ብዬ አላበኝ። አውቀው፣ ቆርሰው፣ የሚሆነኝን ብቻ የላኩልኝ መሰለኝ። ከዚያ የቀረውን ሳነብ ነው ሹፌሩን ያገኘሁት።

ቀኙን አትላኩ። አያስፈልገኝም።

ሐምሌ ላይ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ካርቶን የሚያነሳ መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ እኔ ከመደርደሪያው ጋር ሆኜ ተለጣፊ ወረቀት እየለጠፍኩ ነበር። ሁለት አለቆች ከፊት ለፊት ቆመው እያወሩ ነበር። አንዳቸውም አላዩኝም። ለዚያ ነበር ናይዘርን የጠየቅኩዎት፤ ለምስክርነቱ ወረቀት። እግሬን ሊያድኑልኝ ሞክረው ነበር፣ አልሆነም። ከጉልበቴ ትንሽ ወረድ ብሎ ቆረጡት። ክረምቱን ሙሉ የጻፉልኝ ደብዳቤዎች ሁሉ ትራሴ ሥር ነበሩ፤ አንብቤአቸዋለሁ፣ መመለስ ነው ያቃተኝ።

ግራው ልክ ነው። ገበሩ ትንሹ ጣቴ ጋ ትንሽ ይቆረቁራል። እንደዚያ በመሆኑ ደስ ብሎኛል።

አሁን ሌላውን ልንገርዎት፤ ከዚህ በኋላ ቢሰድቡኝም እችለዋለሁ። ከክረምት በኋላ ያልኩት አስቤበት ነው። ዶክተሩ እስከ ክረምት ብሏል ብለው ጽፈውልኛል። ከዚያ በኋላ ብመጣ አታይም። ድምፄን ትሰማለች፣ ፊቴን ትዳስሳለች፣ ያው ልጇ ነኝ። ሰው ሠራሽ እግር እየሠሩልኝ ነው፤ በጫማ ሲራመዱበት ድምፁ አይለይም ብለውኛል። እየተለማመድኩ ነው። እርስዎና ሰፈሩ ዝም ካላችሁላት አታውቅም። እማ የሸኘችው ሙሉ ልጅ ነው። መጨረሻ ያየችውም ሙሉ ልጅ ይሁን። ቢያንስ ይሄን ልተውላት።

ክፉ ነኝ ብለው አያስቡ። ሌላ የምሰጣት ነገር አጥቼ ነው።

ልጅዎ

ሚያዝያ 2

ለእህቴ ልጅ፤

ቁስልህን ፈጣሪ በእጁ ይዳስስልህ። ይሄን የምለው ከልቤ ነው። ዛሬ ትምህርት የለም፣ ቀልድም የለም። የተሳደብኩትን ሁሉ መልሰህ ላክልኝ ብልህ አይሆንም፣ ተሳድቤአለሁ። ሌሊት ሌሊት ፎርማህን እያየሁ ምን እንዳሰብኩ ለማንም አልናገርም።

አታንብብላት አልከኝ። ልነግርህ ነው።

ፖስታው ሲመጣ እሷ በርጩማዋ ላይ ነበረች። ስቀደው ሰማችው። «መጣ እንዴ?» አለች። መጣ አልኳት። ለራሴ አየት አየት አደረግኩና ከአፌ እየፈጠርኩ ጀመርኩላት። ደህና ነኝ ይላል፣ ሥራው ጥሩ ነው ይላል፣ ሰላም በሉልኝ ይላል። ጨረስኩ ስል «ወረቀቱን ገለበጥከው» አለች። «አዎ።» «ስትገለብጠው ሰምቻለሁ። የገለበጥከው ብዙ ነው፣ ያነበብክልኝ ትንሽ ነው።»

ምን ልበል? «የቀረው እንግሊዝኛ ነው፤ እኔ አላውቀውም» አልኳት።

ይሄን ቃል ከአፌ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ዘበኛው ሊስቅ ከንፈሩን ከፍቶ ፊቴን ሲያይ መልሶ ዘጋው። እሷ ግን ረጋ ብላ «አንተ? የማታውቀው እንግሊዝኛ?» አለች። ወረቀቱን አጣጠፍኩ። «ባለፈውም እንዲህ ዝም ብላችኋል» አለች። «ሁለቱም ደርሰዋል ሲል ሁላችሁም ዝም አላችሁ። ይሄ ሰውዬ ቦቱን ሳያሰፋ ወጣ። እኔ ያላየሁት ምንድን ነው?»

ማንን ጠየቀች? ሱቁን ሁሉ ነው የጠየቀችው። አትክልት ሻጯ ዐይኗን ጠረገች። እኔ ነገርኳት። እዚያው፣ በሰው ፊት፣ መኪናውንም ሐምሌንም ነገርኳት።

አልጮኸችም። «የትኛው?» አለች።

«ቀኙ።»

እጇን ወደ ታች ሰዳ የራሷን ቀኝ እግር ያዘች። ከቀሚሷ ላይ ነው የያዘችው። «ያመዋል?» አለች።

«አልጻፈም» አልኳት።

«አልጠየቅከውማ። ፎቶ ላክ ስትለው፣ ናይዘር ስትለው፣ ያምሃል ወይ ብለህ አልጠየቅከውም።»

እውነቷን ነው። ያምሃል?

ከዚያ «ለዚህ ነው የማይመጣው?» አለች። እዚህ ላይ መዋሸት እችል ነበር። ለዚህ ነው፣ ትንሽ ሲሻለው ይመጣል ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን እስከ መቼ ከዐይኗ እየተሰወርን እንኖራለን? አንተ ከዚያ፣ እኔ ከዚህ፣ ሰፈሩ ከየደጁ። ያሰብከውን ነገርኳት። ዐይንሽ እስኪጠፋ እየጠበቀ ነው አልኳት። በዚሁ ቃል።

ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ እሷ ግን አላለቀሰችም። ግንባሯን አጥብቃ ያዘችና ቀስ ብላ ስትናገር እንዲህ አለች፤ «እኔ እኮ ጠብታውን የማደርገው እሱን ላየው ብዬ ነው። ሲገባ እንደ በርበሬ ነው የሚያቃጥለው። ጠዋትም ማታም እያቃጠልኩ የጠበቅኩት እሱን ነው። እሱ ደግሞ እስኪያልቅልኝ ነው የሚጠብቀው?» ዘበኛው «እናቴ፣ እንዳታዝኚ ብሎ ነው» አላት። «እግሩን አይቼ አዝናለሁ፣ ሳላየው ስቀርስ አላዝንም?» አለችው። 

ያን ቀን ማታ ጠብታውን ላደርግላት ብልቃጡን ይዤ ሄድኩ። ፊቷን አዞረች። «ተወው» አለች። ለምን አልኳት። «ለማን ብዬ ነው የማቃጥለው?» አለች። በማግስቱም እንደዚያው። ዛሬም እንደዚያው። ዶክተሩ ሳታቋርጪ ነው ያላት። እኔ ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ እንደ ሕፃን አባበልኳት። እንቢ አለች። ከትናንት ወዲያ ክር ይዛ መስኮቱ ጋ ሄዳ ስታየው ቆየች። ክሩ ነጭ ይሁን ጥቁር እኔን አልጠየቀችኝም፤ መልሳ አስቀመጠችው።

ስለዚህ አንተ እስኪጠፋ የምትጠብቀው ዐይኗ ክረምት ድረስ አይቆይም። እኔ ልክ የለኝም፣ ምላሴ ረጅም ነው፣ ነገሩን ሁሉ ሱቅ ውስጥ አፍርጬዋለሁ፤ በዚህ ስትፈልግ ለዘለዓለም አኩርፈኝ። ግን ሙሉ ልጅ ላስቀርላት ነው የምትለውን ነገር ለኔ በወረቀት አትጻፍልኝ። እናትህ በቀራት ብርሃን እንዳታይህ የምታደርገው አንተ ነህ፣ እግርህ አይደለም። ደረጃ መውጣት ከቸገረህ እኔና ዘበኛው እንይዝሃለን፤ እሱ ራሱ ነው እንዲህ ብለህ ጻፍ ያለኝ። ደክሞህ፣ ተንሻፍፈህ፣ በክራንች፣ እንደሆንከው ና። የምታየው እግርህን ብቻ ነው ያለህ ማን ነው?

ይሄን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት ጮክ ብዬ አነበብኩት። እሷ ሰምታለች። ዘበኛው፣ አትክልት ሻጯ፣ ሹፌሩ፣ የብረታ ብረት ሻጩም ሰምተዋል። ማንም ነገ አልሰማሁም አይልም። ደብዳቤው እንደደረሰህ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ገበያተኛ ሱቅ በሚሞላበት ሰዓት፣ ስልክ ደውል። የኔ ቁጥር አልተቀየረም። ስልኩን ከፍቼ ድምፁን ለቅቄ ወንበሩ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ለኔ አይደለም የምትመልሰው፤ ለእሷ ነው፣ እነዚህ ሰዎች ሁሉ እየሰሙ። «ስታዪኝ ልምጣ ወይስ ሳታዪኝ?» ብለህ ራስህ ጠይቃት፣ በራስህ አፍ። ከዚያ እሷ የምትለውን ስማና በሰው ፊት መልስ ስጣት፤ ትመጣለህ ወይስ አትመጣም?